«ማደንዘዣው ነው፣ ይለቃቸዋል»

አክስቴ የወደቀችው ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ነው። የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ውሃ የመጣ ቀን ነበርና ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይዛ እየወጣች ነበር። ሁለት ደረጃ ሲቀራት እግሯ ከዳት። የጎረቤት ልጆች ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አራት ሆነው አወረዷት። ቀኝ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። ይህን ምልክት የሚያውቅ ሰው ራጅ ሳያይም የዳሌ ስብራት ነው ይላል።

መጀመሪያ ወጌሻ ይያት ተባለ። አንድ ቀን እዚያ ሄደ። ከዚያ ሆስፒታል ገባን፤ ደም ስጡ፣ ብረቱን ግዙ እየተባለ ሌላ ሦስት ቀን። በመጨረሻ ቀዶ ሕክምናው ተሠራ፣ ተሳካም ተባልን። ያን ቀን ሁላችንም እንቅልፍ ተኛን።

በማግስቱ ማታ ግን አክስቴ ሌላ ሰው ሆነች። የሞተ ወንድሟን ትጠራለች። «ከብቶቹ ገብተዋል?» ትላለች። ግሉኮሱን ነቅላ ጣለችው። ከአልጋው ልትወርድ ስትል ለትንሽ ነው የያዝናት። ጠዋት ሲሆን ደግሞ ስማችንን ሁሉ ታውቃለች፣ ሻይ ትጠይቃለች። ማታ መልሶ ያው ነው። በሁለተኛው ሌሊት እጇን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰሩት። ሌሊቱን ሙሉ ያንን ፋሻ ስትጎትት አደረች፤ የእጇ አንጓ ጠዋት ቀልቶ ነበር።

ነርሷ «ማደንዘዣው ነው፣ ይለቃቸዋል» አለችን። የጎን አልጋ አስታማሚ ጠበል እንድናመጣ መከረችን። ሁለቱም ከልባቸው ነበር። ማንም ያልነገረን ግን አንድ ነገር አለ። ይህ ሊመጣ እንደሚችል ቀዶ ሕክምናው ሳይሠራ በፊት መገመት ይቻል ነበር።

ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል። እኛ ዘባረቀች፣ ቃዠች፣ አቅሏን ሳተች እንላለን። ድንገት ይመጣል፤ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ። ይወጣል ይወርዳል። ዋናው የሚጠፋው ነገር ትኩረት ነው፤ ሰውየው አንድ ሐሳብ ይዞ መቆየት ያቅተዋል። ከመርሳት በሽታ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ ይገባል። ዴሊሪየም ትናንት ያልነበረ፣ ዛሬ ማታ ያለ ነገር ነው።

ከዳሌ ስብራት በኋላ ደግሞ ብርቅ አይደለም። የጥናቶቹ ቁጥር ይለያያል፤ ብዙዎቹን አንድ ላይ ስናይ ግን ከ4 አረጋውያን አንዱን ገደማ ይይዛል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የዴሊሪየም መመሪያ ዋና ዋና የአደጋ ምልክቶች ብሎ 4 ነገሮችን ጠቅሷል። ዕድሜ 65 እና ከዚያ በላይ፣ የማስታወስና የማሰብ ችግር፣ ከባድ ሕመም፣ እና የዳሌ ስብራት። ስብራቱ ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። አክስቴ 78 ዓመቷ ነው። ገና ከበሩ ስትገባ ከ4ቱ ሁለቱን ይዛ ነበር።

ለምን ለአንዱ ይመጣል፣ ለሌላው አይመጣም? ይህን ለመረዳት የሚቀልለኝ የሰፈራችን ውሃ ነው። ኮዬ ፈጬ ውሃ ሲጠፋ ሁሉም ቤት እኩል አይቸገርም። በርሜል የሞላ ቤት ሳምንት ቢጠፋም ምግቡን ያበስላል፣ ልብሱን ያጥባል። ግማሽ ጀሪካን ብቻ ያለው ቤት በመጀመሪያው ቀን ይቆማል። የጠፋው ውሃ አንድ ነው፤ የተለየው የተጠራቀመው ነው። አእምሮም እንዲሁ መጠባበቂያ አለው። ዕድሜ፣ የመርሳት ጅማሬ፣ የዓይንና የጆሮ መድከም፣ የምግብ እጥረት መጠባበቂያውን ያጎድላሉ። ከዚያ ስብራቱ፣ ሕመሙ፣ የደም መፍሰሱ፣ ኢንፌክሽኑ፣ የእንቅልፍ ማጣቱ ይመጣል። ከቁስሉ የሚነሳው የሰውነት ብግነት በደም በኩል አንጎልን ያውካል። በርሜሉ የሞላ ሰው ይህን ሁሉ ይችለዋል። ግማሽ ጀሪካን የቀረው ሰው በአንድ የሽንት ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም በአንድ የእንቅልፍ መድኃኒት ይዘባርቃል።

ስለዚህ መተንበይ ማለት በርሜሉ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ቀድሞ ማየት ነው። ከታወቁት የትንበያ ሥራዎች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1993 ሻረን ኢንዎይ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳተሙ። ያዩት ቀዶ ሕክምና ያላቸውን ሳይሆን ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በውስጥ ደዌ ክፍል የተኙትን ነው። 4 ነገሮችን ብቻ ቆጠሩ። የማየት ችግር፣ የማሰብ ችግር፣ ከባድ ሕመም፣ እና በደም ምርመራ የሚታይ የፈሳሽ ማነስ። ምንም የሌለበት፣ 1 ወይም 2 ያለበት፣ 3 ወይም 4 ያለበት ብለው በሦስት ከፈሏቸው።

ውጤቱ ደስ ይላል። ቀመሩ በተሠራባቸው ሰዎች ላይ ዴሊሪየም የያዛቸው እንደየቡድኑ 9፣ 23 እና 83 በመቶ ሆኑ። ከዚያ ያንኑ ቀመር በሌሎች ታካሚዎች ላይ ሞከሩት። 3፣ 16 እና 32 በመቶ መጣ። ቅደም ተከተሉ አልተዛባም፤ ብዙ ምልክት ያለበት ብዙ ይያዛል። ግን 83 የነበረው ወደ 32 ወርዷል። ቀመሩን የሠሩት ራሳቸው በሚቀጥሉት ታካሚዎች ላይ ሲያዩት እንኳ ቁጥሩ እንዲህ ከተለወጠ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲመጣ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ዛሬ ለዳሌ ስብራት ብቻ የተሠሩ ብዙ የትንበያ ቀመሮች አሉ። አንዳንዶቹ የወረቀት ነጥብ ናቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ በኮምፒውተር የሚማሩ ሞዴሎች። የሚቆጥሩት በአብዛኛው ይመሳሰላል፤ ዕድሜ፣ የመርሳት ችግር፣ የደም ማነስ፣ በደም ውስጥ ያለው የሶዲየም (ጨው) እና የአልቡሚን (ፕሮቲን) መጠን፣ ስንት ቀን ጠብቆ ቀዶ ሕክምና እንዳገኘ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ብዛት። ጎበዝነታቸውን የሚለኩት እንዲህ ነው። ዴሊሪየም ከያዛቸው አንድ ሰው፣ ካልያዛቸውም አንድ ሰው ይወሰዳል። ሞዴሉ ከፍ ያለ ነጥብ የሰጠው ለተያዘው ነው ወይ? ግማሹን ጊዜ ብቻ ካወቀ ሳንቲም ከመጣል አይለይም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ነጥቡ የሚያርፍበት መረጃ ነው። ዴሊሪየም በዋናነት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው እንደ አክስቴ የሚጮኸው፣ የሚነቅለው፣ ልሂድ የሚለው ነው። ሁለተኛው ዝም የሚለው ነው። ሰውየው ያንቀላፋል፣ ሲጠሩት ዘግይቶ ይመልሳል፣ ምግቡን ገፍቶ ግድግዳ ያያል። ይህኛው ለማንም አያስቸግርም። «እማማ ዛሬ አርፈው ተኝተዋል» ይባላል፣ ካርዱ ላይም አይጻፍም። በአረጋውያን ዘንድ ደግሞ የተለመደው ይህ ጸጥተኛው ነው፤ መጨረሻውም ብዙ ጊዜ ከጯሂው አይሻልም። ከካርድ የሚማር ኮምፒውተር ካርድ ላይ ያልተጻፈውን አያውቅም። ዝም ያሉትን ሁሉ ደህና ናቸው ብሎ ይማራል። ከዚያ የሚቀጥለውን ዝምተኛ አረጋዊ አደጋ የለበትም ይለናል።

ሌላው ችግር የእኛው ቤት ነው። ዴሊሪየም መኖሩን ለማወቅ ሐኪሞች ከሚጠቀሙባቸው አጫጭር መጠይቆች አንዱ ፎር ኤ ቲ ይባላል። መነሻው ኤዲንብራ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መተንበያ ሳይሆን የመጣውን መለያ ነው። ታካሚው ንቁ ነው ወይስ ያንቀላፋል? ዕድሜው ስንት ነው? የተወለደበት ቀን? አሁን ያለበት ቦታ? ዓመተ ምሕረቱ? ወራትን ወደ ኋላ ቁጠር። በመጨረሻም፣ በቅርቡ ድንገተኛ ለውጥ ታይቷል? ድምሩ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ዴሊሪየም ሊሆን ይችላል።

አክስቴን ጤነኛ ሆና እነዚህን ብንጠይቃት ምን ይሆናል? የተወለደችበትን ቀን አታውቅም። እናቷ የነገረቻት «አዝመራ ሲገባ» የሚለውን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ትሳሳታለች፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ለምንም ጉዳይ ፈልጋው አታውቅም። እነዚህ ሁለቱ ብቻ 2 ነጥብ ያስይዟታል። ወራትን ከነሐሴ ወደ ኋላ ቁጠሪ ብትባል ትስቃለች። እሱም ሌላ 1 ወይም 2 ነው። ምንም ሳትታመም 4 ልትደርስ ትችላለች።

ይህችው ሴት ግን ዛሬ ምን ቀን ነው ብትሏት ለአፍታ ሳታስብ «ሚካኤል ነው» ትላለች፣ በትክክል 12 ቀን ሆኖ። የወሩን ማኅበር ተራ ማን እንደሚያወጣ ታውቃለች። ጎረቤቷ የሆኑት ሃጂ ደግሞ ዓመቱን ቢስቱ ዙህር መስገዳቸውንና ለአስር ሶላት ስንት ሰዓት እንደቀረው አይስቱም። ለቀናቸውና ለጊዜያቸው ንቁ ናቸው። ጥያቄው ነው የሳታቸው። «ሰባት ሰዓት ነው» የሚል አዛውንት በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደተናገረ የማይገባው መጠይቅ እዚህ አገር ምን ይለካል? መጠይቆቹን በቃል መተርጎም አይበቃም። በእኛው አረጋውያን ላይ፣ ፊደል በቆጠሩትም ባልቆጠሩትም፣ እንደገና መፈተን አለባቸው። ይህን ሥራ የሚሠሩ ወጣት ሐኪሞችና ነርሶች ካሉ እጃቸውን መሳም እፈልጋለሁ።

ከመጠይቁ ውስጥ ለእኛ የሚሆነው ትልቁ ነገር የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ድንገተኛ ለውጥ አለ ወይ? አዎ ከተባለ ብቻውን 4 ነጥብ ነው። ዕድሜ፣ ልደት፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት ሁሉም ቢሳቱ የሚያስይዙት 2 ብቻ ነው። ለውጥ አለ የለም የሚለውን ደግሞ ዛሬ ያያት ሐኪም ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው ትናንትም ያያት ሰው ነው። ልጇ፣ የልጅ ልጇ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ በር ለበር የምትኖረው ጎረቤቷ።

ለትንበያውም ይኸው ነው። ከሁሉም ምልክቶች ከባድ ከሚባሉት አንዱ ቀድሞ የነበረ የመርሳት ችግር ነው። እኛ አገር እሱን የሚሸፍን ቃል አለን። ጃጀች እንላለን። እርጅና ነው ብለን እናልፈዋለን፣ ካርድ ላይም አይገባም። ዶክተሩ ስኳር አለባት? ደም ግፊት? ብሎ ጠየቀን። የለባትም አልን። ትረሳለች ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። ቢጠይቀንም እኔ አላውቅም ነበር፤ ሳምንት ሳምንት ነው የማያት። የምታውቀው አብራት የምትኖረው ልጅ ናት። በአምስተኛው ቀን ምግብ ይዛ ስትመጣ ነው የነገረችን። አክስቴ ከፋሲካ ወዲህ ሁለት ጊዜ ከገበያ ስትመለስ ብሎኩ ጠፍቶባታል። ያው ሁሉም ብሎክ አንድ ነው ተብሎ ተስቆ ታልፏል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ቀዶ ሕክምናው ሳይሠራ ካርዱ ላይ ቢጻፍ የማንኛውንም ሞዴል ግማሽ ሥራ ይሠራ ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ማደንዘዣው ነው» ለሚለው፣ የማደንዘዣው ዓይነት ለውጥ ያመጣ እንደሆነ በደንብ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ትልቅ ሙከራ 1,600 የዳሌ ስብራት ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ወገባቸው ላይ ተወግተው ከታች ብቻ ደነዘዙ፣ ግማሾቹ ሙሉ በሙሉ ተኙ። ዴሊሪየም በመጀመሪያዎቹ 20.5 በመቶ፣ በሁለተኛዎቹ 19.7 በመቶ ታየ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከቻይና የወጣ ተመሳሳይ ሙከራም ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ቤተሰብ በማደንዘዣው ዓይነት ላይ ከሚጨነቅ በሌላው ላይ ቢበረታ ይሻላል።

ሌላው የምለው መጠበቁን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በ17 አገሮች 2,970 ታካሚዎችን ያሳተፈ ሙከራ ታትሞ ነበር። አንዱ ቡድን ስብራቱ ከታወቀ በኋላ ባማካይ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ሌላው በ24 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና አገኘ። በሞት ልዩነት አልመጣም። ዴሊሪየም ግን 9 በመቶና 12 በመቶ ሆነ። እዚያ ዘገየ የሚባለው 24 ሰዓት ነው። እኛ ወጌሻውን ጨምረን አራት ቀን ቆየን። እናም በነዚያ ቀናት አክስቴ ሁለት ጊዜ «ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ» ተብላ ስትጾም ውላ፣ ከሰዓት ላይ ለነገ ተላለፈ ተባለ። ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ውሃ ልስጣት ብል አይቻልም አሉኝ። ብዙ የማደንዘዣ ሕክምና መመሪያዎች ግን ንጹሕ ፈሳሽ፣ ማለትም ውሃ፣ እስከ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ድረስ ይፈቅዳሉ፤ የሚከለክል ሌላ ምክንያት ከሌለ። የፈሳሽ ማነስ ከኢንዎይ 4 ምልክቶች አንዱ እንደነበር ልብ በሉ። አንዱን ምልክት እዚያው አልጋ ላይ ጨመርንላት። ተራው ሲተላለፍ የሚያስታምም ሰው «አሁን ትጠጣ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ሕመሙም አለ። ማስታገሻ ያዘባርቃቸዋል ተብሎ የሚፈራበት ጊዜ አለ። ከልክ ያለፈው እውነት ያዘባርቃል፤ ፔቲዲን የተባለው ማስታገሻ በተለይ ለአረጋውያን አይመከርም። ግን ሕመም ተይዞ ማደርም ያዘባርቃል። አንዱ ጥሩ መንገድ ብሽሽት አካባቢ ነርቩን በመርፌ ማደንዘዝ ነው፤ የሚሠራበት ሆስፒታል ካለ ቢጠየቅ ጥሩ ነው። ዲያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ ደግሞ ሌላ ነው። ለመረበሽ ተብሎ ሲሰጥ አንዳንዴ መረበሹን ያራዝመዋል። ታካሚዋ ቤት ውስጥ ለእንቅልፍ፣ ለጉንፋን፣ ለአለርጂ የምትውጣቸውን ሁሉ በፌስታል ይዞ ሄዶ ማሳየት ያስፈልጋል። ማታ ማታ አረቄ የሚጠጡ አባት ከሆኑም ሳያፍሩ መናገር ነው፤ በድንገት ሲቋረጥ በራሱ ያቃዣል።

ትንበያው የሚጠቅመው ከኋላው የሚሠራ ነገር ካለ ነው። አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የታተመ ሙከራ 126 የዳሌ ስብራት አረጋውያንን ወሰደ። ግማሾቹን የአረጋውያን ሐኪም በየቀኑ እየጎበኘ ኦክስጅኑን፣ ፈሳሹን፣ ሕመሙን፣ ሽንትና ሰገራውን፣ አላስፈላጊ መድኃኒቱን እየተከታተለ መከረ። ዴሊሪየም ከ50 በመቶ ወደ 32 ወረደ። ከሦስቱ አንዱ አሁንም ተይዟል፤ አስማት አይደለም። ግን ስንት እናት ናት የተረፈችበት?

ሌላው ፕሮግራም የራሷ የኢንዎይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ። በጎ ፈቃደኞች ቀን ቀን አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ። ያጫውታሉ፣ መነጽር ያደርጋሉ፣ ውሃ ያቀርባሉ፣ ደግፈው ያስነሳሉ፣ ማታ ሞቅ ያለ መጠጥ ሰጥተው ጀርባ ያሻሉ። ዴሊሪየም ከ15 በመቶ ወደ 9.9 ወረደ። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እነሱ ሠልጣኝ ፈልገው፣ በጀት መድበው ያመጡት ሰው እኛ ዘንድ ነጠላዋን ለብሳ አልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። አስታማሚዋ ናት። የጎደላት ምን ማድረግ እንዳለባት የሚነግራት ሰው ነው። መነጽሯንና ጥርሷን ከቤት አምጪ፣ ጠዋት መጋረጃውን ክፈቺ፣ ቀን እንዳትተኛ አጫውቻት፣ ዛሬ ገብርኤል ነው በያት፣ ከተፈቀደ ቁጭ አድርጊያት፣ ስትዘባርቅ አትከራከሪያት። የሞተ ሰው ስትጠራ «ሞቷል እኮ» ማለት አያስፈልግም፤ እጇን ይዞ ስለ እሱ ማውራት ይበቃል። ድንገት ከተለወጠች ደግሞ ለነርስ ቶሎ ተናገሪ። ምክንያቱ ኢንፌክሽን፣ የታገደ ሽንት ወይም የኦክስጅን ማነስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ታክሞ ነው የሚለቃት።

የአክስቴ በአሥራ አንደኛው ቀን ለቀቃት። ሙሉ በሙሉ ተመልሳለች ለማለት ግን አልደፍርም። አሁንም አንድ ጥያቄ ሁለት ሦስቴ ትጠይቃለች። ዴሊሪየም ያለፈባቸው አረጋውያን በኋላ የመርሳት ችግር በብዛት እንደሚታይባቸው ጥናቶች ያሳያሉ።

ባለፈው ወር እዚያው ብሎክ አንድ አባት መታጠቢያ ቤት ወደቁ። ልጃቸው ማታ ደወለችልኝ፤ የአክስቴን ነገር ሰምታለች። ሆስፒታል ሳትገባ በግማሽ ወረቀት ጻፊው አልኳት። ጻፈች፣ በስልክም አነበበችልኝ። ዕድሜ 80 ገደማ። ግራ ዓይናቸው ሞራ አለበት። ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም፣ በግራ በኩል ሆናችሁ አናግሯቸው። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ቀኑን በበዓላቱ ያውቁታል፣ ዓመቱን አይጠይቋቸው። ከዚያ ዝም አለች። የቀረ አለ? አልኳት። ለወንድሞቿም ያልነገረችው ነበር። ከዓመት ወዲህ ማታ ማታ በሩን ከፍተው ይወጣሉ፤ ደረጃው ላይ ቆመው ወዴት ሊሄዱ እንደነበር ይጠይቋታል። «እሱንም ልጻፈው?» አለችኝ። መጀመሪያ መስመር ላይ አልኳት።